ሉፔን የሚጥላት ማን ነው

ማታሌና በሕይወቷ የምታፍርበት ነገር ጥቂት ነበር፤ ከጥቂቱም አብዛኛው የሌላ ሰው ጥፋት ነው። የመንደሩ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር እሷ ናት። የማታ ጸሎት ደወል ሲደወል ማን በጊዜ ቤቱ እንደገባ፣ ማን መንገድ ላይ እንደተንዘላዘለ የምትከታተለው እሷ ናት። ደወል ይባላል እንጂ ደወል አይደለም፤ ከማንጎው ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ባዶ የጋዝ ሲሊንደር ነው። በብረት ሲመቱት ግን እንኳን ሕያው ሙት ይቀሰቅሳል። በዚያ ሰዓት ሰው ሁሉ ከቤቱ ገብቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል። ደጅ ሲዞር የተገኘ ለመንደሩ ሽማግሌዎች አሳማ አርዶ ይታረቃል።

ሌላም ደንብ አለ። ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ሴት ልጅ ፀጉሯን ፈትታ አትታይም። ከመንደሩ በታች፣ ባሕሩ ዳር ካለው ምንጭ ውስጥ የምትኖር ወይዘሮ አለች። በሕይወት ሳለች በፀጉሯ የተመሰገነች ነበረች አሉ፤ ሞታም ቢሆን ባላንጣ አትወድም። ፀጉሯን የፈታች ልጃገረድ በምሽት ካየች ትመታታለች። ሳቫዪ ደሴት ላይ ባለው በዚህ መንደር ቤተ ክርስቲያን የማይሄድ ሰው የለም፤ ወይዘሮዋን የማይፈራም የለም።

ታዲያ ሉፔ መጀመሪያ የወደቀችው በጸሎት ሰዓት፣ ፀጉሯ ተፈትቶ፣ በራሷ በማታሌና ጣቶች መካከል ነበር።

ሉፔ የማታሌና የታናሽ እህት ልጅ ናት። እናቷ ሴፊና ሥራ ፍለጋ ባሕር ማዶ ወደ ኦክላንድ ስትሄድ ልጅቱ ገና ድክ ድክ ትል ነበር። ማታሌና አልወለደችም፤ ሰው ሲጠይቃት «ጊዜ አላገኘሁም» ትላለች። አሁን ሉፔ አሥር ዓመቷ ነው። ፀጉሯ ወገቧን አልፏል፤ አፏን ደግሞ ከእንቅልፍ በቀር የሚዘጋው የለም። ማታሌና በሰው ፊት «ይቺ ለፍላፊ ጆሮዬን በላችው» እያለች ታማርራለች። ልጅቱ ትምህርት ቤት ውላ እስክትመለስ ግን ቤቱ ይጨንቃታል።

የዚያን ቀን ማታሌና የመሸባት በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ስለሚያረፍዱ ሴቶች ረጅም ንግግር ስታደርግ ቆይታ ነው። ቤቷ ስትደርስ ሉፔ ባሕር ውስጥ ስትንቦራጨቅ ውላ፣ ፀጉሯ ጨው ጠጥቶ፣ እንደተፈታ ቁጭ ብላለች። ማታሌና ጉልበቷ አልታጠፍ ስለሚላት ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ልጅቱን ከፊቷ አቆመቻት። ቤቱ ግድግዳ የለውም፤ የሰሌን መጋረጃዎቹን አወረደች። ደወሉ ተደወለ።

«አክስቴ፣ ጸሎት ደረሰ እኮ።»

«ጆሮ አለኝ። ቀጥ ብለሽ ቁሚ።»

«አሞኛል። ጨለመብኝ።»

«ምሽት ነው፤ ታዲያ ምን ሊሆን ኖሯል?»

ሉፔ መልስ አልሰጠችም፤ ይህ ራሱ ማታሌናን ሊያስደነግጣት በተገባ ነበር። ፊቷ አመድ መሰለ፣ ዓይኗ ተገለበጠና ተዝለፍልፋ አክስቷ እግር ሥር ወደቀች። ጣቶቿ ጥቂት ተንቀጠቀጡ። ማታሌና ልትጮኽ አፏን ከፈተች፤ ፀጉሩን አየችና መልሳ ዘጋችው። መጀመሪያ ያንን ሁሉ ፀጉር በእጇ ጠቅልላ ቋጥራ አሰረችው። ከዚያ ጮኸች።

መንደሩ ጸሎቱን ጥሎ መጣ። ሁሉም ስለወጣ ማንም ማንን ሊቀጣ አልቻለም። ሉፔ ያኔ ነቅታ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ለምን እንደመጣ እየጠየቀች ነበር።

«ምን ስትሠራ ነው የወደቀችው?» አለች የፓስተሩ ሚስት።

«መጽሐፍ ቅዱስ እያነበበች፣» አለች ማታሌና።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ቃሉ ከወጣ በኋላ የሚመልሰው ጠፋ።

በማግስቱ አባባ ፔሳሚኖ ተጠሩ። እሳቸው በእሽትና በቅጠል የሚያክሙ፣ ከመናፍስት ጋርም የቆየ ትውውቅ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። የሉፔን ሆድ በዘይት አሹ፣ እግሯን አሹ፣ አሰቡ።

«መጽሐፍ ቅዱስ ስታነብ ነው ያልሺኝ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«የቱን ክፍል?»

ማታሌና ይህን አላሰበችበትም። «ምሳሌን።»

«መጽሐፈ ምሳሌ ማንንም ጥሎ አያውቅም፣» አሉ ፔሳሚኖ፣ ቅር ብሏቸው። «እንግዲያው የያዛት ኃይለኛ ናት ማለት ነው። ቃሉ ፊት እንኳ የማትመለስ።»

«ከምንጩ ይሆን?»

«ከሌላ ከየት ይሆናል?»

ማታሌና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ፀጉሯን ምን ላድርገው?»

«አጥብቀሽ እሰሪው። ጠዋትና ማታ ፈትተሽ፣ ዘይት ቀብተሽ፣ ከሥሩ አበጥረሽ፣ እንደገና ጎንጉኚው። የምትይዝበት ክር እንዳይተርፋት።»

መድኃኒቱ ይኸው ነበር፤ ማታሌና ደግሞ መድኃኒት የማታዛባ ሴት ናት። ጠዋት ልጅቱ ገና ቁርስ ሳትቀምስ፣ ማታ ደክማ ስትመጣ፣ ከደረጃው ፊት አቁማ ፀጉሯን ከሥሩ ትስበዋለች። ሉፔ በዚያው ሳምንት እንደገና ወደቀች። በሚቀጥለውም ወደቀች። በወደቀች ቁጥር ማታሌና ወይዘሮዋ በረታች ብላ የበለጠ ታጠብቃለች። አንደኛዋ ከምንጭ ሌላዋ ከደረጃ ሆነው ልጅቱን ይጓተቷታል፤ ምንጩ ውስጥ ያለችው ግን ምንም አላደረገችም።

መንደሩ በበኩሉ ተመራመረ። የሆድ ትል ነው ያሉ ነበሩ፤ እናቷ የምትልከው ቸኮሌት ነው ያሉ ነበሩ። የሞተ አጎቷ መቃብሩ ቀለም ስላልተቀባ ተቀይሞ ነው የሚሉም አልጠፉ፤ መቃብሩ ተቀባ፣ አማረ፣ ሉፔም ወደቀች። የፓስተሩ ሚስት ግን ነገሩን ወደ ሥራ ለወጠችው። የልጆች እሑድ ቀርቧል። በዚያ ቀን ልጆች ሁሉ ነጭ ለብሰው በምእመናን ፊት ቆመው ጥቅስ በቃላቸው ይላሉ፤ ከሁሉ ረጅሙ የተሰጠው ለሉፔ ነበር።

«እኔ ለእሷው ብዬ ነው፣» አለች የፓስተሩ ሚስት። «ልጅቱን የሚጥላት ቃሉ ከሆነ፣ በአደባባይ ቃል ማስባሉ ይቅርብን። ደግሞ ሰው ምን ይላል፣ እትዬ ማታሌና?»

«እውነትሽን ነው፣» አለች ማታሌና። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሉፔ ግን መጋረጃው ኋላ ሆና ጥቅሱን ለድመቷ ስትለው ማታሌና ሰማቻት።

እሑድ እሑድ ሴፊና ከኦክላንድ ትደውላለች። ልጇን ለመውሰድ ወረቀት ካስገባች ሰንብታለች። ማታሌና ስለዚያ ወረቀት ስታስብ ደረቷ ላይ ድንጋይ የተጫነ ይመስላታል፤ አንድም ቀን ግን እንቢ ብላ አታውቅም። እናት ልጄን ስጪኝ ስትል ምን ይባላል? የዚያን እሑድ ሴፊና እያለቀሰች ነበር።

«እትዬ፣ የሚወድቅ ልጅ አያስገቡም አሉኝ። የጤና ምርመራውን አታልፍም። ምን ይሻለኛል? እስክትድን አንቺው ጋ ትቆይልኝ።»

«ምን ገዶኝ፣ እህቴ። ትቆይ።»

ማታሌናም አለቀሰች። እንባው እውነተኛ ነበር፤ የሐዘን ግን አልነበረም። ደስ አላት፤ በደስታዋም ደነገጠች። ማታ ለልጅቱ ፈውስ ስትጸልይ «አንተ በወደድከው ጊዜ» የሚለውን ቃል ደጋገመችው፤ አምላክ የሚቸኩልበት ምክንያት እንደሌለ ሊገባው ይገባል ብላ ነው።

እንዲህም ሆኖ ሆስፒታል አለመውሰድ አይቻልም፤ ሰው ያያል። የወረዳው ሆስፒታል ሐኪም ወጣት ነው፤ ከዋና ከተማው ከአፒያ ተመድቦ የመጣ፣ ቀልድ የሚወድ፣ ሥራ የበዛበት።

«ስትወድቅ ምን እያደረገች ነበር፣ እናቴ?»

በዚያ ክፍል ውስጥ ተራዋን የምትጠብቅ የመንደሯ ሴት ነበረች። «መጽሐፍ ቅዱስ እያነበበች፣» አለች ማታሌና።

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ሉፔ ወደ አክስቷ ዞራ አየች። ከዚያ ጫማዋን ማየት ጀመረች።

«ትንቀጠቀጣለች?»

«ጣቷ ጥቂት።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ይህ ግን ተገኘለት፤ ያውም የሌላ በሽታ። ሐኪሙ የሚጥል በሽታ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ኪኒን አዘዘ፤ ለተሻለ ምርመራም ወደፊት ወደ አፒያ እንደሚልካት ነገራት።

ኪኒኑ ሉፔን አደነዘዛት። ታሮ የሚሉት የጎደሬ ጉራሽ አፏ ውስጥ እንዳለ ታሸልባለች። ትምህርት ቤት ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ ትውላለች። ወሬ አቆመች። ማታሌና መጀመሪያ ዝምታውን እንደ ጨዋነት ቆጠረችው፤ ለጎረቤትም «ትልቅ ሴት ሆነችልኝ» አለች። ከዚያ ግን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቱን ከትምህርት ቤት ስትመልሳት፣ የጎረቤት አሳማ የፓስተሩን ነጭ ሸሚዝ ከልብስ ማስጫው ገመድ አውርዶ ለብሶት ሲሮጥ አገኙት። መንገደኛው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሉፔ አየችና አለፈች። እንደ ድሮው ቢሆን ይህን አሳማ አንድ ወር ታወራው ነበር። ማታሌና እዚያው መንገድ ላይ ቆመች። እቤቷ እንድትቀርላት የፈለገችው ልጅ ይህች አልነበረችም።

በማግስቱ ብቻዋን ወደ ሐኪሙ ሄደች።

«መጽሐፍ ቅዱስ አልነበረም፣» አለች፣ ገና ሳትቀመጥ።

«ምን ነበር ታዲያ?»

«ፀጉሯን እየሠራኋት ነበር። በጸሎት ሰዓት።»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«ቆማ ነው ተቀምጣ?»

«እኔ ደረጃው ላይ፣ እሷ ቆማ።»

«አጥብቀው ነው የሚስቡት?»

«ወይዘሮዋ እንዳትይዛት።»

«የቷ ወይዘሮ?»

«ተወው።»

ሐኪሙ ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ይቅርታ ጠየቀ። «እናቴ፣ ይሄ ልጆች ላይ የሚደርስ ነገር ነው፤ ልጃገረዶች ላይ በተለይ። ቆመው ፀጉራቸው ሲሳብ፣ ከራባቸው ወይ ከሞቃቸው ደግሞ ይብሳል፣ ደም ለአፍታ ከጭንቅላታቸው ይወርዳል። ይወድቃሉ፤ ሲጋደሙ ይመለስላቸዋል። ሲያድጉ አብዛኞቹን ይተዋቸዋል። ኪኒኑን ቀስ በቀስ እናቆመዋለን። ቁጭ አድርገው ይሥሯት፣ በልታ፣ ውሃ ጠጥታ። ቆማ ሳለች ከመጣባት ደግሞ እግሯን አጠላልፋ፣ ጭኗንና መቀመጫዋን ጨምቃ ትያዝ። ብዙ ጊዜ ያልፋል።»

«ስለዚህ የምጥላት እኔ ነኝ።»

«ማበጠሪያው ነው እንበል፣» አለ ሐኪሙ፤ ደግ ልጅ ነበር።

ማታሌና እቤቷ ሄዳ ዝም ማለት ትችል ነበር። ኪኒኑ ይቆማል፣ ልጅቱ ትነቃለች፣ አለቀ። ግን ያ ጥቅስ ለድመት ሲባል መስማቱ አላስተኛትም። ፓስተሩ ቤት ሄዳ በሚስቱ ፊት፣ ቀጥሎም በሽማግሌዎቹ ፊት፣ ሉፔን የሚጥላት ቃሉ ሳይሆን በጸሎት ሰዓት ፀጉር የምትሠራ አክስቷ መሆኗን ተናገረች። አሳማዋ ታረደ። ሽማግሌዎቹ በታላቅ ሐዘን በሉት። ልጆች ደጃፏ ሲያልፉ «ወይዘሮዋ ምንጩን ለቃ ማታሌና ቤት ገባች» እያሉ አሾፉባት። አባባ ፔሳሚኖ ብቻ አልተገረሙም። «እኔ ምን አልኩ?» አሉ። «ነገሩ ከፀጉሯ ነው አላልኩም?»

ጥቅሱ ለሉፔ ስለተመለሰላት ሁለቱ መለማመድ ጀመሩ። ማታሌና ልጅቱን ፀሐይ ላይ አቁማ ጥቅሱን ታስብላታለች።

«አሁን መጣብሽ እንበል። ምን ታደርጊያለሽ?»

«እግሬን አጠላልፋለሁ። ቂጤን እጨምቃለሁ።»

«ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዲህ አይባልም።»

«መቀመጫዬን በጌታ ስም እጨምቃለሁ።»

ማታሌና ልትቆጣ ፈለገች፤ ሳቋ ቀደማት። ልጅቱ ተመልሳለች።

የልጆች እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ እንደ ምድጃ ጋለ። ሉፔ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ፊት ወጣች። ጥቅሱ መሃል ላይ ስትደርስ የላይኛው ከንፈሯ ላብ አወጣ፣ ፊቷ ገረጣ፤ የፓስተሩ ሚስት ከወንበሯ ብድግ አለች። ማታሌና ከቀሚሱ በታች ሁለቱ ቁርጭምጭሚቶች ሲጠላለፉ አየች። ድምጹ ጥቂት ዘገየ፣ ተመለሰ፣ ጨረሰ። ምእመናኑ ባንድ ድምፅ አሜን አሉ።

በዚያ ቀን ማዕድ የሚቀርበው አስቀድሞ ለልጆች ነው፤ ትልልቆቹ ቆመው ያስተናግዳሉ። ማታሌና ለሉፔ ያሳማውን ጀርባ ቆርጣ በእጇ አቀረበችላት። «ዛሬ በሰው ፊት አኮራሽኝ፣» አለቻት። «ሰው ፊት እንዳትወድቂብኝ ብቻ። ሌላው ሁሉ ይቻላል።» ልጅቱ አፏን ሞልታ ራሷን ነቀነቀች።

ማን እንደቀረጸው አይታወቅም፤ ሁሉም ስልኩን ይዞ ነበር። ሳህኖቹ ሳይታጠቡ ቪዲዮው ኦክላንድ ደርሶ ሴፊና ደወለች።

«እትዬ፣ ድናለች እኮ።» ስታለቅስ ነበር፣ ይህን ጊዜ በደስታ። «ምን ብዬ ላመስግንሽ? አንቺ ነሽ ያዳንሽልኝ። አሁን ወረቀቱን እቀጥላለሁ።»

የፈሩት ይደርሳል የሚሉት ይሄ ነው። ማታሌና አሳማ አርዳ፣ ተስቆባት፣ ልጅቱን በገዛ እጇ ለመንገድ አዘጋጅታ ኖሯል።

ወሬው መንደሩን ሞላው። ሰው ሁሉ «ታድለሽ» እያለ መጣ፤ እንዲህ ሲባል ደግሞ አፍን ሞልቶ መመለስ ነው እንጂ ማልቀስ ነውር ነው። ማታሌና ሉፔ አጠገቧ ቆማ እየሰማች ስለ አውሮፕላኑ፣ ስለ ኦክላንድ ትምህርት ቤት፣ ስለ ሱፍ ካፖርቱ አወራች። የፓስተሩ ሚስት ዘመድ ቪዛ ተከልክሎ ስለነበር፣ ለእሷ ሁለት ጊዜ ነገረቻት። አንድ ቀን ብቻ፣ ታሮ ሲልጡ፣ ልጅቱን ጠየቀቻት።

«መሄዱ ደስ ብሎሻል?»

ሉፔ ቢላዋውን አቆመች። «አንቺስ ደስ ብሎሻል?»

«በጣም።»

«እኔም በጣም።»

ሁለቱም መላጡን ቀጠሉ።

ለጉዞው የሚያስፈልገው የጤና ምርመራ ቀን በጠዋት በጀልባ ወደ አፒያ ተሻገሩ። ማታሌና ሐሳቡ መቼ እንደመጣላት ብትጠየቅ አታውቀውም። ጠዋት ለልጅቱ ቁርሷን፣ በካካዎ የተቀቀለውን ሩዝ፣ ሳትሰጣት ስትቀር «ለደም ምርመራ በባዶ ሆድ ነው» አለች፤ እንደዚያ ያላት ሰው የለም። ጀልባው ላይ «ነፋስ ይንካሽ» ብላ ጉንጉኗን ፈታችላት። ሉፔ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰውዬ የሚበላውን ጥብስ ሊጥ በዓይኗ ተከተለችው፤ ምራቋን ስትውጥ ማታሌና ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። እስካሁን ምንም አላደረግኩም፣ አለች በሆዷ። ልጅ ቁርስ ሳትበላ መዋሏ አዲስ ነገር አይደለም።

ክሊኒኩ ኮሪደር ውስጥ ብዙ ጠበቁ። ሞቃት ነበር፤ ሉፔ ውሃ አልጠየቀችም። ሐኪሟ ፀጉሯ የሸበተ፣ ቁጥብ ሴት ናት። ልጅቱን ከግድግዳው የቁመት መለኪያ ጋር አስጠግታ አቆመቻትና ያንን በነፋስ የተንጨባረረ የፀጉር ክምር አየች።

«በዚህ ላይ ቁመት አይለካም፣» አለች። «እናትየዋ፣ እስኪ ሰብስቢላት።» ዞራ ጠረጴዛዋ ላይ መጻፍ ጀመረች።

ማታሌና ማበጠሪያውን ከቦርሳዋ አወጣች። እንዲያው ለምና ያላገኘችው ነገር፣ ሳትለምን ቀረበላት። ሐኪም ዓይን ፊት የወደቀች ልጅ ማንም ጤነኛ ናት ብሎ አይፈርምላትም። ስለ ፀጉሩ ካልተናገረች ማን ያውቃል? አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በግራ እጄ እይዛታለሁ፣ ወለሉ አይነካትም፣ አለች። ከዚያ ከሥሩ ሳበች።

ሉፔ ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ተጎተተ፤ ድምፅ አላሰማችም። ማታሌና እንደገና ሳበች። የልጅቱ ማጅራት በላብ ረጠበ፣ ጆሮዋ ነጣ። እነዚህን ምልክቶች ከማንም በላይ የምታውቃቸው እሷ ናት። አሁን ማቆም ነበረባት፤ የምትወዳትን ልጅ ነው እንዲህ የምታደርጋት። አፈረች፣ እውነተኛ እፍረት፣ የራሷ ጥፋት የሆነ። እጇ ግን አልቆመም። ጎነጎነች፣ አጠበቀች፣ ግራ እጇን ዘርግታ ጠበቀች።

ሉፔ አልወደቀችም።

«ጨረሳችሁ?» አለች ሐኪሟ። መጥታ ለካች፤ ደረቷን አዳመጠች። «ልቧ ይሮጣል። ፈርታ ነው። አይዞሽ፣ ልጄ፣ መርፌው ትንሽ ነው።» ደም ቀዳችላት፣ ዓይኗን አየች፣ ጉልበቷን መታ መታ አደረገች። በመጨረሻ ወደ ማታሌና ዞረች። «ጤነኛ ናት። ቀጥ ብላ የምትቆም ልጅ።»

ማታሌና አመሰገነቻት።

ከክሊኒኩ ወጥተው ባሕሩ ዳር ካለው የድንጋይ አጥር ላይ ተቀመጡ። ማታሌና ጥብስ ሊጥና ኮኮናት ገዛችላት። ሉፔ ውሃውን ሳትተነፍስ ጠጣችው፤ ፊቷ ቀስ በቀስ መልኩን አገኘ። አፏ ከምግብ ጋር አብሮ ሥራ ጀመረ።

«አክስቴ፣ ልወድቅ ነበር እኮ።»

ማታሌና ባዶውን ኮኮናት ተቀበለቻት።

«በጣም ነው የሳብሺኝ። ረስተሽው ነው አይደል? ተጨንቀሽ ነበር።»

«ረስቼው ነው።»

«ጆሮዬ ሁሉ ጮኸብኝ። ከዚያ አሰብኩ፣ ብወድቅ አይወስዱኝም፤ አንቺው ጋ እቀራለሁ። ልለቀው ነበር እኮ፣ እውነቴን ነው።» ሊጡን ጎረሰች። «ግን አንቺ ለሰው ሁሉ ትሄዳለች ብለሽ ነግረሻል። ለፓስተሩ ሚስት ሁለት ጊዜ። ወድቄ ብንመለስ ይስቁብሻል። ስለዚህ እግሬን ቆልፌ ያዝኩት። አሁንም ያመኛል ጭኔን።»

የክሊኒኩ በር ከኋላቸው ክፍት ነበር። ማታሌና ተነስታ ልትገባ፣ ልትናገር ትችላለች፤ ለልጅቱም እዚሁ ልትነግራት ትችላለች፣ አልረሳሁትም፣ እንድትወድቂ ነው የሳብኩሽ፣ እንድትቀሪልኝ ነው ብላ። ይህን ሰምታ ልጅቱ ምን ዓይነት ዓይን እንደምታሳያት አሰበች። ያንን ዓይን ከማየት ኦክላንድ ተሻላት።

«ጎበዝ፣» አለች።

«ኮራሽ?»

«ኮራሁ።»

ሉፔ ተጠግታ ጭንቅላቷን ክንዷ ላይ አሳረፈች። ጉንጉኑ ከጠበቀው ብዛት ግንባሯን ወጥሮ ይዞታል፤ ማታሌና ጫፉን ያዘችና ቀስ ብላ ታላላው ጀመር።

«እዚያ ፀጉሬን ማን ይሠራኛል?»

«እናትሽ ናታ።»

«እሷ እንዴት እንደሚሠራ ታውቃለች?»

«አታውቅም፣» አለች። «ቁጭ ብዬ ነው የምሠራው በያት። አክስቴ ቁጭ አድርጋ ነበር የምትሠራኝ በያት።»